ጠበሉና ልጡ

«ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» የሚለው ተረት በአበው አንደበት ሲነገር የኖረው ለተግሣጽ ነው። ሰሙ ግልጽ ነው፤ ሕሙማን ሱባኤ ይዘው፣ ስንቃቸውን ቋጥረው፣ የብዙ ቀን መንገድ በእግራቸው አቋርጠው የሚመጡለትን ውሃ፣ ጎጆው ከምንጩ አጠገብ የሆነው ባላገር ለአጥሩና ለጣራው ማሰሪያ የሚሆነውን ልጥ ያለሰልስበታል። ልጥ ከግንድ ተልጦ ከደረቀ በኋላ ሲያጥፉት ይሰበራልና ሳይነከር ለሥራ አይበቃም፤ ለዚህ ጉዳይ ደግሞ ማንኛውም ውሃ ውሃ ነው። ወርቁ፣ ሰው ዘወትር የሚያየውን ነገር፣ ቅዱስም ቢሆን፣ ማክበር ይሳነዋል የሚል ነው። ሊቅ በተወለደበት ደብር፣ ባለ መድኃኒት በጎረቤቶቹ ዘንድ ዋጋው የሚቀልለው በዚህ ምክንያት ነው ይባላል። ይህን ትርጓሜ በኑሮ ሚዛን ላይ ብናስቀምጠው ግን አንዱ ወገን ይሰምራል፤ ሌላው ወገን ይጎድላል።

የሚሰምረውን ወገን ለማሳየት ከራሳችን ከነቀምቴዎች መጀመር ይገባል። በከተማችን ተራራ መውጣት የሚወዱ ጐልማሶች ጥቂቶች አይደሉም፤ ነገር ግን የተራራ ወግ በተነሣ ቁጥር ስሙ የሚጠራው ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ራስ ዳሸን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ወይም 4,377 ሜትር የሚደርሰው የባሌው ቱሉ ዲምቱ ነው። ገንዘብ ያጠራቀመ ሁሉ ወደዚያው ይገሰግሳል፤ ዋልያንና ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮንም በፎቶግራፍ ይዞ ይመለሳል። ከነቀምቴ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ በደጋው ራስ ላይ የተቀመጠችው አርጆ በእነዚሁ ሰዎች ዘንድ የገበያና የልቅሶ አገር ብቻ ናት፤ ዘመድ ሲሞት ይሄዱባታል፣ ቀብረውም በዚያው ቀን ይመለሳሉ። እዚያው ወለጋ ውስጥ፣ በደምቢ ዶሎ በኩል፣ ቱሉ ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ መቆሙን ከጂኦግራፊ መጽሐፍ እንጂ በእግሩ የሚያውቀው ከባልንጀሮቼ መካከል አልተገኘም።

እንግዲህ በዘመነ ጽጌ፣ በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ ጧት፣ አንድ መምህር፣ አንድ ነጋዴ፣ አንድ የጤና ረዳትና እኔ ሆነን፣ ድንኳንና ጋቢ፣ ጭኮና ቆሎ፣ ቀቅለን የምንበላው አንጮቴም ይዘን ወደ አርጆ ስንነሣ፣ ጉዞው ለተረቱ እንደሚከፈል ካሣ ሆኖ ይሰማን ነበር። ከአርጆ ከተማ ወጥተን የገመገሙን ጫፍ ይዘን ስንሄድ፣ በአንድ ወገን የጤፍና የገብስ ማሳ ተዘርግቶ ይታያል፤ በሌላው ወገን ምድሩ በድንገት ያልቅና ቁልቁል ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል። አርጆ በ2,500 ሜትር ከፍታ ግድም ስትሆን የሸለቆው ወለል ከ1,300 ሜትር እምብዛም አይርቅም፤ አየሩም በየ1,000 ሜትሩ በ6 ዲግሪ ያህል የሚለዋወጥ ስለሆነ፣ እኛ ጋቢ ደርበን በቆምንበት ሰዓት ከታች በሸንኮራ አገዳው እርሻ የሚሠራው ሰው በላብ ተጠምቆ ይውላል። ባላገሩ ከብቱን ይዞ ከፍታውን የመረጠው ለነፋሱ ጣዕም ሲል ብቻ አይደለም። ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ በሸለቆው ትኖራለች፤ ወደ ደጋው ግን አትወጣም። ከገመገሙ የሚፈልቀው ውሃ ሁሉ ወደ ዴዴሳ ይወርዳል፤ ዴዴሳ ለዓባይ ከሚገብሩት ታላላቅ ወንዞች አንዱ ነውና፣ እግራችንን የታጠብንበት ጅረት ጉባ ላይ ከግድቡ ደርሶ መብራት እንደሚሆን መምህሩ አስታወሰን።

ማታ እሳት አንድደን አንጮቴውን ብንጥድ ሊበስል እምቢ አለ። መምህሩ፣ ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም መሆኑን በሰፊው አስተማረን፤ የጤና ረዳቱ ግን ነቀምቴም ራስዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ልዩነቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ዲግሪ እንደማይበልጥ፣ ጥፋቱም የተራራው ሳይሆን የእርጥቡ እንጨት መሆኑን አስረድቶ ክርክሩን ዘጋው። በእውነትም ከእሳቱ ጢሱ ይበዛ ነበር፤ በዚህ ጢስ ምክንያት ነው አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ወደ እኛ የመጡት። በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋውጠን ከተቀመጡ በኋላ በመጀመሪያ የጠየቁን «ልጆቼ፣ በአርጆ ዘመድ የላችሁም ወይ?» ብለው ነው። በወለጋ መንገደኛን ደጅ ማሳደር ለአገሩ ነውር ነውና፣ ድንኳናችን በእርሳቸው ዓይን በባላገሩ ላይ የቀረበ ክስ ሆኖ ታይቶ ነበር። መምህሩ «ኦቦ፣ ተራራውን ለማየት ነው የመጣነው» ብሎ በትሕትና ቢያስረዳቸው፣ «ተራራው በቀን አይታይም ነበርን?» አሉ። ለዚህ መልስ የነበረው ከመካከላችን አልተገኘም፤ ቀዝቃዛ መሬት ላይ የመተኛት ፍላጎት ምቹ አልጋ ያለው ሰው የፈለሰፈው ምኞት መሆኑን ግን በልቤ አሰብሁ።

በማግሥቱ ጧት ሽማግሌው እርጎ ይዘውልን መጡና ከገመገሙ ሥር ወዳለችው ምንጭ ወሰዱን። ተረቱ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። የምንጩ ዓይን በድንጋይ ታጥሮ፣ ለመጠጥ ከመቅዳት በቀር እጅም እግርም አይገባበትም፤ ከእርሱ ዝቅ ብሎ ከብቱ ይጠጣል፤ ከከብቱም ዝቅ ብሎ፣ ጅረቱ ሜዳ ላይ በሚሰፋበት፣ በትልቅ ድንጋይ ተጭኖ የተነከረ ልጥ ነበረ! ነጋዴው ልጡን ባየ ጊዜ «ይኸውላችሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ለብዙ ዘመን የተነገረ ክስ በምስክር የተረጋገጠ መስሎት ነበር። ነገር ግን ክሱን ምን አረጋገጠው? ልጡ ከምንጩ ዓይን አልደረሰም። በዚያች ትንሽ ጅረት ላይ እንደ ቤተ መቅደስ አሠራር ቅድስቱና ቅኔ ማሕሌቱ ተለይቶ፣ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ስፍራው ተወስኖለታል። ያም ብቻ አይደለም፤ የኦሮሞ ሕዝብ ክረምቱ ባለፈ ጊዜ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ በውሃ ዳር ምስጋና ያቀርባል፣ ይህም ኢሬቻ መልካ ይባላል፤ በበጋው ደግሞ ዝናም ለመለመን ወደ ኮረብታ ይወጣል፣ ይህም ኢሬቻ ቱሉ ነው። ከብቱን የሚያጠጣበትን ውሃና ከብቱን የሚያሰማራበትን ተራራ በሌላ ቀን ሣር ይዞ የሚያከብር ሕዝብ፣ ቅርቡን ናቀ ተብሎ በተረት ሊፈረድበት አይገባም።

ቅዱስ መጽሐፍም ቢሆን ለተረቱ ሙሉ ድጋፍ አይሰጥም። ጌታችን በናዝሬት ምኵራብ ነቢይ በገዛ አገሩ እንደማይከበር ሲናገር የእኛን ተረት ያጸናል፤ ነገር ግን በዚያው ቦታ ምሳሌ አድርጎ የጠቀሰው ሶርያዊው ንዕማን ታሪኩ በተገላቢጦሽ ነው። ለምጹ ይነጻ ዘንድ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ እንዲጠመቅ ኤልሳዕ ባዘዘው ጊዜ ንዕማን የተቈጣው የራሱ አገር ወንዞች፣ አባናና ፋርፋ፣ ይበልጣሉ ብሎ ነበር፤ የናቀው የሩቁን ነው፣ ያከበረውም ቅርቡን። ከአገራችን ታሪክም ግሽ ዓባይ ይመሰክራል። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስም በ1770 ከባሕር ማዶ መጥተው ያንን ምንጭ በማየታቸው ታላቅ ነገር እንደ ፈጸሙ ቈጠሩት፤ ሆኖም የአካባቢው አገው ሕዝብ ምንጩን አክብሮ መሥዋዕት ያቀርብለት እንደ ነበር እነርሱው ጽፈዋል። መንገደኛው ከመድረሱ በፊት የተከበረውን ነገር፣ መንገደኛው አገኘሁት ይላል።

በእኔ ግምት ተረቱን ያወጣው ጠበልተኛ እንጂ ባላገር አልነበረም። ጠበልተኛ በጥቂት ቀን ሱባኤው የውሃውን አንድ መልክ ብቻ ያያል፤ ልጥ ሲነከር ሲመለከት ይደነግጣል፤ ምንጩን በክረምት ከጎርፍ፣ በበጋ ከድርቀት የሚጠብቀው ያ ልጥ ነካሪ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ የለውም። መናቅ መጠቀም ከሆነማ እናቱን የጠባ ሕፃን ሁሉ ናቂ በተባለ ነበር። እውነተኛው ንቀት የእኛ የከተሜዎቹ ነው፤ አንጠጣበትም፣ አንነክርበትም፣ በመኪና መስኮት አይተነው እናልፋለን።

ይህን ለሽማግሌው ብነግራቸው ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ እርሳቸው ግን ነገሩን ወደ ሌላ አዞሩት። «ውሃውስ ይነከርበት፣ ይፈስሳል። መጠየቅ ያለባችሁ ስለ ዛፉ ነው እንጂ» ብለው በጅረቱ ዳር ወደ ቆመ አንድ ዛፍ ወሰዱን። በአንድ ጎኑ ብቻ፣ ከእጅ መዳፍ በማይሰፋ መስመር፣ ልጡ ተነሥቶለት ጠርዙ በአዲስ ቅርፊት መዳን ጀምሯል። ጥቂት ራቅ ብሎ ግን ሌላ ዛፍ ዙሪያውን ተልጦ ደርቋል። ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው ምግብ መተላለፊያው በቅርፊቱ በኩል ስለሆነ፣ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ሥሩ ተርቦ ይሞታል፤ ሽማግሌው ይህን ያወቁት ከአባታቸው ነው። ማታ ያነደድነው እርጥብ እንጨት ከየት እንደ ተቈረጠ አልጠየቁንም፤ ነገር ግን መምህሩ ራሱ ዓይኑን ወደ ድንኳናችን መለሰ።

ወደ አርጆ ስንመለስ በመንገድ የተነሣው ክርክር ስለ ማገዶ ብቻ ነበረ። መምህሩ በሚቀጥለው ጊዜ ተማሪዎቹን ለማምጣት አስቦ፣ የዚያን ሁሉ ልጅ እራት የሚያበስል እንጨት ከገመገሙ ቢቈረጥ ምን እንደሚተርፍ ይጨነቅ ነበር። ነጋዴው ከነቀምቴ ከሰል ጭነን እንምጣ አለ፤ የጤና ረዳቱ ከሰልስ ከሰማይ ይወርዳል ወይ ብሎ ጠየቀው፤ የላምባ ምድጃም ተጠቀሰ፤ ዋጋው ተሰላ፤ ማን እንደሚሸከመውም ተከራከሩበት። መኪናው ሲመጣ ገና አልተስማሙም ነበር፤ ነጋዴው ግን ተማሪዎቹ ሲመጡ ሁለት ምድጃ ከሱቁ በውሰት ለመስጠት ቃል ገብቶ ተሳፈረ።