የመካከሉ ድንጋይ

በአንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ማዶ የሚኖሩ ሁለት መንደሮች የጋራ የድንጋይ ድልድይ ነበራቸው። መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲጎድል ከየመንደሩ አንድ አንድ ሰው ይወጣል፤ በድንጋዩ መገጣጠሚያ የበቀለውን ይነቅላል፣ ዝናብ ያጠበውን ኖራ መልሶ ይመርጋል።

አንድ ዓመት በግጦሽ ተጣሉ። እርቅ ወረደ፤ አብሮ መውጣቱ ግን እንደቀረ ቀረ። ሁሉም የየራሱን ግማሽ ብቻ ይጠግን ጀመር። በዚህ መሐል ከቅስቱ አናት፣ ልክ ከመካከለኛው ድንጋይ ሥር፣ ወፍ ከጣለችው ፍሬ ዋርካ በቀለ። የወዲህኞቹ «የእነሱ ነው» አሉ። የወዲያኞቹም እንዲሁ አሉ።

አንዲት ባልቴት ለገበያ ባለፉ ቁጥር፣ «ልጆቼ፣ በሁለት ጣት ይነቀላል እኮ» ይላሉ።

«እማማ፣ ከነቀልነውማ የእኛ ነው ብለን አመንን ማለት ነው። ነገ ቅስቱ ቢሰነጠቅ ዕዳው በእኛ ይዞራል» ይሏቸዋል።

ታዲያ እርሳቸው ለምን አልነቀሉትም? እርሳቸውም የአንዱ መንደር ሰው ነበሩ።

ዋርካው ክንድ አከለ፤ ሥሩ ኖራውን ፈለቀቀው። አንድ ክረምት ደራሽ ውሃ መጥቶ ቅስቱን ይዞት ሄደ። ሁለቱ ወገን ተጠንቅቆ ሲመርገው የኖረው ግራና ቀኙ ሳይነካ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሰው የሚሻገረው ወገቡን በገመድ ታስሮ ነው። ገመዱን ደግሞ ወዲህ ያለው ካልለቀቀ፣ ወዲያ ያለው ካልሳበ ማንም አይሻገርም።

የገመዱ ነገር ፈጠራ አይደለም። አፄ ፋሲል ጎጃምንና በጌምድርን ለማገናኘት ዓባይ ላይ ያሠሩት ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተቆርጦ ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ሆነ፤ ሰዉም ለአሥርተ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ተሻገረበት። እ.ኤ.አ. በ2002 በብረት ቢጠገን በ2005 ጎርፍ ወሰደው። ያው ውሃ ካርቱም ወርዶ ከነጭ ዓባይ ጋር ከተገናኘ በኋላ ኦምዱርማንን ከባሕሪ የሚያገናኘው የሻምባት ድልድይ ነበር። ይህም በኅዳር 2023 በሱዳኑ ጦርነት ተመትቶ ተቆረጠ። የሱዳን ጦር ፈጥኖ ደራሹን ኃይል፣ ፈጥኖ ደራሹም ጦሩን ከሰሰ። ካርቱም የዋርካውን ክርክር በመድፍ ደገመችው።

ጥገና ይቻላል፤ የቦስኒያዋ ከተማ ሞስታር ምስክር ናት። የኦቶማኑ ግንበኛ ሃይሩዲን በ1566 የጨረሰው ድልድይ በ1993 በመድፍ ፈርሶ፣ በ2004 በአሮጌው ዘዴና በአገሩ ድንጋይ ዳግም ቆሟል። ግን አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ፤ ከሩቅ አገሮች ገንዘብና ባለሙያም ጠየቀ። ይህ ሁሉ ችሎታ ከፈረሰ በኋላ መምጣቱ ያናድደኛል፤ የዓመት ኖራና የአንድ ጠዋት ጉልበት ግን መዋጮ አያገኝም።

ጢስ ዓባይን ለማየት የምትሄዱ ሰዎች በሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የአላታን ድልድይ ትሻገራላችሁ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ክረምት ሲወጣ መገጣጠሚያውን የሚያጸዳ ሰው ተመድቦለታል? ካልተመደበ ቀበሌውን ወትውቱ።