የዓይደር ዕንባና የአማኑኤል ስም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ግንቦት 28 ቀን በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የአማኑኤል ወርኀዊ መታሰቢያ ነው። አማኑኤል ማለትም እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ሆነ ማለት እንደ ሆነ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያውቀዋል። በመቀሌ ለምንኖር ሰዎች ግን ይህ ዕለት ሌላም መታሰቢያ አለው። በ1990 ዓ.ም. በዚሁ ቀን፥ በዕለተ ዓርብ፥ የኤርትራ የጦር አውሮፕላኖች በከተማችን ላይ ቦምብ ጣሉ፤ የዓይደር ትምህርት ቤትና መንደሩም ተመታ። ወቅቱ በዓለ ኃምሳ ነበረ፤ ጰራቅሊጦስም ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

በዚያን ዕለት በከተማው ነበርሁና ካየሁት ጥቂቱን እናገራለሁ። እናቶች ነጠላቸውን ሳይደርቡ በባዶ እግራቸው ወደ ትምህርት ቤቱ ይሮጡ ነበር፤ ከዚያ የሚመለሰውንም ልጅ ሁሉ እያስቆሙ የልጃቸውን ስም እየጠሩ ይጠይቁት ነበር። በማግሥቱ ከፍትሐት በኋላ አንዲት እናት በዕድሜ የገፉትን ካህን ይዛ፥ «አባ፥ ትናንት አማኑኤል አልነበረምን? ልጄስ ምን በደለ?» አለቻቸው። እርሳቸውም አንዲት ቃል አልመለሱላትም፤ መስቀላቸውን በራሷ ላይ አኑረው አብረዋት አለቀሱ።

ይህ ዝምታ ታላቅ ትምህርት ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ አጽናኞች ነበሩ፤ ኃጢአቱን ሊፈልጉለት አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ግን አድካሚዎች ሆኑ። ጌታችንም የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለ ገደላቸው 18 ሰዎች ሲናገር፥ ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ አስረድቶ፥ የቀረነው ንስሐ እንድንገባ አስጠነቀቀ (ሉቃ. 13፥4)። እንግዲህ በሟች በደል የሚፈልግ መምህር ከጌታው ትምህርት ውጭ ነው።

አማኑኤል በዚያን ቀን የት ነበረ? አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ ያለቀሰው ጌታ ከሚያለቅሱት ጋር ነበረ። ደግሞም ቁስለኞችን ለማንሣት ሕዝቡ በተሰበሰበ ጊዜ ቦምቡ እንደ ገና በወደቀበት ስፍራ፥ ባልንጀራቸውን ሲረዱ ከሞቱት ጋር ነበረ። ራሱን ስለ ሌላው አሳልፎ ከመስጠት የሚበልጥ ፍቅር እንደሌለ ያስተማረን እርሱ ነውና።

በጉዳዩ ለኢትዮጵያና ኤርትራ የካሳ ኮሚሽን በቀረበው መዝገብ 53 ሰዎች እንደ ሞቱ፥ ከእነርሱም 12ቱ ተማሪዎች እንደ ሆኑ፥ 185 ሰዎችም እንደ ቆሰሉ ተጽፏል፤ ኮሚሽኑም በ1996 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ኤርትራን ኃላፊ አድርጓታል። ዳኝነት ተገቢ ነው፤ የአቤል ደም ወደ እግዚአብሔር እንደ ጮኸ እናውቃለንና። ነገር ግን ያንኑ ጩኸት የሰማ አምላክ ማንም ቃየልን እንዳይገድለው ምልክት አደረገበት። ደሙን አልረሳም፤ በቀሉንም ለሰው እጅ አልሰጠም። በዚያው ዕለት በአስመራ የአውሮፕላን ማረፊያም ላይ ቦምብ መውደቁን እናስታውስ፤ በዚያም ልጆቿን በአማኑኤል ስም የምታጠምቅ፥ በአንድ ቅዳሴ የምታመሰግን እናት ነበረች።

በቀል ቢያድን ኖሮ አንድ ጦርነት በበቃን ነበር። ነገር ግን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መቀሌ እንደ ገና ከአየር ተደበደበች፤ ሕፃናትም ሞቱ። በ1990 ዓ.ም. ከዓይደር የተረፈው ልጅ በዚህ ጊዜ አባት ሆኖ የራሱን ልጅ ከአውሮፕላን ድምፅ የሸሸገ ስንት ይሆን!

ስለዚህ ካህናት ሆይ፤ በየዓመቱ ግንቦት 28 ቀን የሟቾቹን ስም በጸሎት አስቡ፤ ያዘነ ሰው ሲጠይቃችሁ ከመናገር አስቀድማችሁ አብራችሁት ተቀመጡ። ወላጆች ሆይ፤ የሆነውን ለልጆቻችሁ ሳትሸሽጉ ንገሩ፤ ጥላቻን ግን አታውርሱ። አካሉ የጎደለውንና ልጁን ያጣውን ጎረቤት በቤቱ ጎብኙ፤ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው የምንለው ቃል እኛም ከወንድማችን ጋር ስንሆን ይታመናልና።

የሞቱትን ነፍስ በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለሀገራችንም ሰላምን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።