ለሦስት ጌቶች የሚያድር እንደራሴ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በምን ሥርዓት እንደሚመረጡና ቁጥራቸው ከ550 እንደማይበልጥ ይደነግጋል። በእነዚህ ድንጋጌዎች መካከል ግን ከሕግ አዋቂዎች ይልቅ የሃይማኖትና የፍልስፍና ሰዎችን ሊያስጨንቅ የሚገባ አንድ ንዑስ አንቀጽ ይገኛል። ንዑስ አንቀጽ 4 የምክር ቤቱ አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ መሆኑን ከገለጸ በኋላ ተገዢነቱን ለሦስት ያደርገዋል፤ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው። ለሁለት ጌቶች መገዛት እንደማይቻል ወንጌል ሲያስተምር በኖረበት አገር፣ የበላዩ ሕግ ለአንድ ሰው ሦስት ጌቶች ማቆሙ በቀላሉ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ሦስቱ ሲስማሙ ጥያቄ አይነሣም፤ የተጣሉ ዕለት ግን እንደራሴው የማንን ቃል ሊሰማ ይገባዋል? ሕዝቡ አንድ ነገር ሲፈልግ ሕሊናው ሌላ ቢያዘው፣ ሕሊናውን ቢታዘዝ ከዳተኛ፣ ሕዝቡን ቢታዘዝ አስመሳይ ይባላልን?

ጥያቄው በሌላው ዓለምም የቆየ ነው። ኤድመንድ በርክ እ.ኤ.አ. በ1774 ለብሪታንያ ፓርላማ ለመረጡት የብሪስቶል ሰዎች ባደረገው ንግግር፣ እንደራሴ ለመራጮቹ ትጋቱን ብቻ ሳይሆን የራሱን ፍርድም ጭምር እንደሚያበረክት፣ ፍርዱን ለፈቃዳቸው ከሠዋ ግን እያገለገላቸው ሳይሆን እየከዳቸው መሆኑን አስረድቶ ነበር። ከእርሱ 12 ዓመት ቀደም ብሎ ዣን ዣክ ሩሶ ማኅበራዊ ውል በተሰኘው መጽሐፉ የዚህን ተቃራኒ አቋም ይዞ፣ የሕዝብ ፈቃድ በሌላ ሰው ሊወከል የሚችል ነገር አይደለም፣ ተወካይም ቢበዛ መልእክተኛ እንጂ ወሳኝ ሊሆን አይገባውም ሲል ተከራክሯል። የመጀመሪያው አስተሳሰብ እንደራሴውን እንደ ባለአደራ፣ ሁለተኛው እንደ ተላላኪ ያየዋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ሕሊናንና ሕዝብን ጎን ለጎን በማስቀመጡ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አልፈለገም፤ ጭንቀቱን እንዳለ ለእንደራሴው አስረክቦታል።

ይህ ጭንቀት በመጻሕፍት ብቻ የሚኖር አለመሆኑን ለማየት በሰሜን ምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኘውን የካ ክፍለ ከተማ መመልከት ይበቃል። ከእንጦጦ ተዳፋት የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፣ ሸክሙን በገመድ ከጀርባቸው ጋር አስረውና ወገባቸውን አጉብጠው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ኮተቤ የሚወርዱ ሴቶች ኑሯቸው የሚቆመው በዚያ ሸክም ላይ ነው። ተራራው ሲራቆት ግን በክረምት የሚወርደው ጎርፍ የሚያጠቃው ከታች በቀበና ወንዝ ዳርቻ የሚኖረውን ሕዝብ ነው። ስለ ደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የመሰለ ሕግ ለውሳኔ በሚቀርብበት ቀን፣ ከየካ የተመረጠ እንደራሴ እጁን ከማንሣቱ በፊት ማንን ሊያስብ ይገባዋል? ጭራሮ ለቃሚዋ መራጩ ናት፤ የወንዙ ዳር ነዋሪም መራጩ ሊሆን ይችላል፤ ገና ያልተወለደውና የተራራውን ምንጭ የሚጠጣው ትውልድ ደግሞ ድምፅ አልሰጠውም። ሕገ መንግሥቱ የመላው ሕዝብ ተወካይ ነህ ሲለው፣ መራጮቹን እንዲረሳ ማዘዙ ሳይሆን የመራጮቹን ችግር ከሌላው ችግር ጋር አገናዝቦ እንዲፈርድ ማስገደዱ ነው። ለዚህ ፍርድ ሕሊና ያስፈልጋል፤ ሦስቱን ወገኖች የሚያስማማ መመሪያ ማንም ጽፎ ሊሰጠው አይችልምና።

ይሁን እንጂ ሕሊና ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሳይመረመር፣ ሕሊናዬ አዘዘኝ የሚል ሁሉ ሊታመን አይገባውም። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት፣ ሕግ ያልተሰጣቸው ሰዎች እንኳ የሕግ ሥራ በልባቸው የተጻፈ መሆኑን፣ ሕሊናቸውም እየከሰሰ ወይም እያመካኘ እንደሚመሰክር ያስተምራል። ስለ ደራሲው ማንነት ሊቃውንት ዛሬም የሚከራከሩበት የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታም፣ ፈጣሪ በእያንዳንዱ ሰው ልብ ባኖረው የልቡና ብርሃን የሰዎች ትምህርት ሁሉ ሊመረመር እንደሚገባው ይናገራል። እነዚህ ትምህርቶች ለሕሊና ትልቅ ክብር ይሰጡታል። ነገር ግን ያው ሐዋርያ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ በራሱ ላይ የሚያውቀው በደል ባይኖርም በዚህ ብቻ ጻድቅ እንደማይባል፣ ፈራጁ ሌላ መሆኑን ይመሰክራል። ንጹሕ ሕሊና ያለው ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ስለዚህ ሕሊና ምስክር እንጂ የመጨረሻ ዳኛ አይደለም። እስልምናም ሥልጣንን በሚመለከትበት ዓይን፣ ኃላፊነት ለባለቤቱ በትክክል መመለስ ያለበት አማና፣ ማለትም አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ደግሞ ልቤ ንጹሕ ነው ብሎ ብቻ አይለቀቅም፤ የተቀበለውን ቆጥሮ ማሳየት ይጠበቅበታል።

ከሦስቱ ጌቶች ሌላ ሕገ መንግሥቱ በዚያ ንዑስ አንቀጽ ያልጠቀሰው፣ በተግባር ግን ከሁሉ ይልቅ ድምፁ የሚሰማ አራተኛ ጌታ አለ፤ እርሱም ፓርቲ ነው። የፓርቲ ዲሲፕሊን የሚባለው አባላት ቀድሞ በተወሰነ አቋም ላይ አንድ ሆነው ድምፅ እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሥርዓት ሲሆን፣ የተረጋጋ መንግሥት ለማቆም የሚጠቅም ቢሆንም ከመጠን ሲያልፍ ሕሊናን ያለ ሥራ ያስቀምጠዋል። በኢትዮጵያ የምክር ቤት ታሪክ ከዚህ አራተኛ ጌታ ጋር የተደረገን ትግል ከዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ የፖለቲካ ሕይወት በተሻለ የሚያሳይ ታሪክ ጥቂት ነው።

ዶክተር ነጋሶ በ1935 ዓ.ም. በወለጋ ደምቢ ዶሎ ተወልደው፣ በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰዮ ኦሮሞ ታሪክ ባጠኑት ጥናት የዶክትሬት ማዕረግ ያገኙ የታሪክ ምሁር ነበሩ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀውን ጉባኤ በሰብሳቢነት የመሩት እርሳቸው ስለሆኑ፣ እንደራሴን ለሕሊናው ተገዢ የሚያደርገው አንቀጽ የጸደቀው እርሳቸው በተቀመጡበት መድረክ ነው። በነሐሴ ወር 1987 ዓ.ም. የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት ሆነው ከተመረጡ በኋላ የስድስት ዓመት የሥራ ዘመናቸው ሊያበቃ ሲቃረብ፣ በ1993 ዓ.ም. ገዢው ግንባር ኢሕአዴግ በውስጥ ክፍፍል በታመሰበት ወቅት የግንባሩ አባል ከነበረው ከድርጅታቸው ከኦሕዴድ ጋር ተለያዩ። በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥልጣናቸውን ለአቶ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አስረከቡ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 255/1994 ከሥልጣን የተሰናበተ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ እንዲርቅ፣ ይህን ካላከበረ ግን መንግሥት የሚሰጠውን ጥቅማ ጥቅም እንዲያጣ ደነገገ።

እንግዲህ ምርጫው ግልጽ ነበር፤ ዝም ብሎ በክብር መኖር፣ ወይም ወደ ሕዝቡ ተመልሶ ድምፅ መጠየቅ። ዶክተር ነጋሶ በግንቦት 1997ቱ አገር አቀፍ ምርጫ ከትውልድ ቦታቸው ከደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው አሸነፉ። በዚያ ምክር ቤት 327 መቀመጫ የያዘው ኢሕአዴግ፣ 109 ያገኘው የተቃዋሚዎች ጥምረት ቅንጅትና 52 ያገኘው ሌላው የተቃዋሚዎች ጥምረት ኅብረት ሲቆጠሩ፣ ከየትኛውም ፓርቲ ያልሆኑት ብቸኛ ተመራጭ እርሳቸው ሆኑ። ለቀድሞ ፕሬዚዳንት የሚሰጠው ጥቅማ ጥቅምም ተነፈጋቸው። ይህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይሰጣል። አንደኛው፣ ሕሊናን መታዘዝ ዋጋ እንደሚያስከፍል፣ ዋጋ የማያስከፍል ሕሊናም ከምቾት ጋር በቀላሉ ሊምታታ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዶክተር ነጋሶ ሕሊናቸውን ብቻቸውን ይዘው አለመቀመጣቸው፣ ይልቁንም የእውነት መሆኑን እንዲፈትንላቸው ለመራጭ ሕዝብ ማቅረባቸው ነው። በምክር ቤት ዘመናቸው መጨረሻ አካባቢ ወደ መራጮቻቸው ተመልሰው ስለ አካባቢው የፖለቲካ ሁኔታ ያዩትንና የሰሙትን፣ ጥቂት አባወራዎችን እስከሚያቧድነው ጋሬ እስከሚባለው አደረጃጀት ድረስ በጽሑፍ ዘርዝረው ለሕዝብ አቅርበዋል። በኋላም አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲን ተቀላቅለው ሊቀ መንበር እስከ መሆን ደረሱ፤ ሚያዝያ 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በጀርመን አገር አረፉ። በግል መመረጣቸውም ሆነ በኋላ ፓርቲ መግባታቸው በየራሱ ሊተች ይችላል፤ ሊካድ የማይችለው ግን ለእያንዳንዱ እርምጃቸው በአደባባይ ምክንያት መስጠታቸውና ዳንዲ፦ የነጋሶ መንገድ በተሰኘው መጽሐፍም ጭምር ለታሪክ መልስ መስጠታቸው ነው።

በዚያው በ1997 ዓ.ም. ሌላው የጥያቄው መልክ የታየው በአዲስ አበባ ነው። ቅንጅት የየካን ጨምሮ የከተማዋን 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎችም 137ቱን አሸነፈ። ከውጤቱ ውዝግብ በኋላ ተመራጮቹ ወደ ምክር ቤት ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚለው ጥያቄ አገሩን ከፈለው። አንገባም ያሉት፣ የተነጠቀ ድምፅ ባለበት ቤት መቀመጥ ነጠቃውን እንደ ማጽደቅ ይቆጠራል ብለው አመኑ፤ እንግባ ያሉት ደግሞ ሕዝብ የላከው እንዲናገሩለት ስለሆነ ወንበሩን ባዶ መተው ሕዝቡን ድምፅ አልባ ማድረግ ነው አሉ። ሁለቱም ወገኖች በሕሊናና በሕዝብ ስም ተናገሩ። የተከተለውን ደግሞ ሕዝቡ ተሸከመው፤ ከተማዋ በመረጠችው ምክር ቤት ሳትመራ ቀርታ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ በሚመራ የባለአደራ አስተዳደር እስከ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ድረስ ቆየች፤ የቅንጅት መሪዎችም ታሰሩ። ከዚህ ተሞክሮ የሚወጣው ሚዛን፣ ትክክለኛው መልስ መግባት ወይም አለመግባት ነበር የሚል ቀላል ፍርድ አይደለም። ሁለቱም ውሳኔ በክብር ሊወሰድ ይችል ነበር፤ ውሳኔውን ሕጋዊ ብቻ ሳይሆን ሥነ ምግባራዊም የሚያደርገው ግን የየካው ሆነ የመርካቶው መራጭ ስለ ምን እንደተወሰነ፣ ማን በምን ምክንያት እንደወሰነና የውሳኔው ዋጋ በማን ላይ እንደሚወድቅ ቀድሞ ሲነገረው ነው።

የግንቦት 2002ቱ ምርጫ ደግሞ የብቸኝነትን ጥያቄ አመጣ። ከ547 መቀመጫዎች ተቃዋሚዎች ያገኙት አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ከአዲስ አበባ መድረክ የተባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት ዕጩ ሆነው ያሸነፉት የአቶ ግርማ ሰይፉ ነበር። ረቂቅ አዋጅ ለድምፅ ሲቀርብ አፈ ጉባኤው የሚደግፉ፣ የሚቃወሙ፣ ድምፀ ተአቅቦ የሚያደርጉ እጃቸውን እንዲያነሡ በየተራ ይጠይቃል፤ ድምፀ ተአቅቦ ማለት ከመደገፍም ከመቃወምም መታቀብን መመዝገብ ነው። በዚያ አዳራሽ ለተቃውሞ የሚነሣ አንድ እጅ ውሳኔውን አይለውጥም፤ በቁጥር ብቻ ለሚያስብ ሰው ከንቱ ድካም ይመስላል። ሕሊና ምስክር ነው የሚለውን ትምህርት ለሚቀበል ግን የአንዱ እጅ ትርጉም ሙሉ ነው፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ጉዳዩ ሌላ መልክ እንደነበረው ይጻፋል፣ ያልተስማማው ዜጋም በሕግ አውጪው ቤት አልተረሳም። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ መቀመጫዎቹን በሙሉ ሲይዙ የጠፋው ይህ ምስክርነት ነው።

ከእነዚህ ታሪኮች አንድ መደምደሚያ ይወጣል። አንቀጽ 54 ሦስት ጌቶችን ሲያቆም ለእንደራሴው ከሕዝብ ማምለጫ በር እየከፈተለት አይደለም፤ ሕሊና ሕዝብንና ሕግን የሚያገለግልበት መንገድ እንጂ ከሁለቱ የሚሸሽበት መጠለያ አይደለምና። ስለዚህ ሕሊናውን የሚታዘዝ እንደራሴ የሚገባው ዕዳ መልስ መስጠት ነው፤ ከመራጩ ፈቃድ ሲለይ ለምን እንደተለየ በመራጩ ፊት ቆሞ መናገርና የሚያስከትለውን መቀበል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 እና በአንቀጽ 54 መጨረሻ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ሊያነሣ እንደሚችል ሲደነግግ ይህንኑ ዕዳ ያጸናል። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓትም የሥልጣን ዘመኑን ሳይጨርስ አደራውን ያጎደለ መሪ ቡቂሱ በሚባለው ሥርዓት ከሥልጣን ይነሣል፤ በቦረና በየስምንት ዓመቱ የሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮም መሪዎችንና ሕጎችን ይመረምራል። ሐሳቡ ለአገሩ እንግዳ አይደለም።

መልስ ግን የሚሰጠው ጠያቂ ሲኖር ነው። ምክር ቤቱ በየዓመቱ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሰኔ 30 ሠርቶ ሲዘጋ እንደራሴው ወደ መራጮቹ ይመለሳል፤ በዚያን ጊዜ የየካ ነዋሪ ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃና ስለ ኮንዶሚኒየም መጠየቁ ተገቢ መብቱ ነው፤ ጥያቄው በዚያ ብቻ ሲያበቃ ግን እንደራሴው ጉዳይ አስፈጻሚ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በየትኛው አዋጅ ላይ እጅህን አነሣህ፣ ለምን አነሣህ፣ የማን ጉዳት ታየህ፣ ፓርቲህ ካላዘዘህ ምን ታደርግ ነበር ብሎ የሚጠይቅ መራጭ ያለበት ወረዳ፣ ሕሊና ያለው እንደራሴ የማግኘት ተስፋው ይጨምራል። ለሦስት ጌቶች በአንድ ጊዜ ማገልገል የሚቻለውም ሦስቱም በአንድ ሒሳብ ላይ በግልጽ ሲተሳሰቡ ነው፤ ያንን ሒሳብ የማስያዝ ሥልጣን ደግሞ በምርጫ ቀን ለአንድ ሰዓት ሳይሆን በአምስቱም ዓመታት በዜጋው እጅ ነው።