ከሰሌዳው በስተጀርባ

አንድ አሮጌ የሸራ ጀልባ ሲታደስ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚነካው፣ ከካቢኑ መውረጃ ደረጃ አጠገብ ያለችው ጠባብ የካርታ ጠረጴዛና ከበላይዋ የተሰቀለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ሲፈታ ከጀርባው የሚገኘው ያስደነግጣል፤ ጨዋማው እርጥበት ያረነገደው ሽቦ፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ የማይታወቅ ቅጥያ፣ የቀድሞው ባለቤት በቸኮለበት ቀን በፕላስተር ጠቅልሎ የተወው ጫፍ። ይህ ሁሉ ተነቅሎ በቆርቆሮ የተለበጠ የመዳብ ሽቦ ይዘረጋል፤ የመስታወት ፊውዞቹ በብሬከር ይተካሉ፤ በየሽቦው ላይ ስሙ ይጻፋል። ከጠረጴዛዋም ላይ የወረቀቱ ካርታና ማስመሪያው ይነሡና ጂፒኤሱን፣ ራዳሩንና የጥልቀት መለኪያውን ባንድነት የሚያሳይ ስክሪን ሥፍራቸውን ይይዛል።

ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ይበራል። ጥያቄው የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ባለጀልባው ቤተሰቡንና እንግዶቹን አሳፍሮ ከሞምባሳ ወደ ዛንዚባር ቢነሣ፣ ራሱ በማያውቀው ነገር ተማምኖ የሌላውን ነፍስ ለመሸከም መብት አለውን?

ብዙ ሰው ብሬከር የተሠራው መሣሪያውን ለመጠበቅ ይመስለዋል። ዋና ሥራው ግን ሽቦውን መጠበቅ ነው፤ ሽቦው ሊሸከም ከሚችለው በላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት፣ ግሎ እሳት ከማስነሣቱ በፊት ይቆርጠዋል። ስለዚህ ብሬከሩ በየጊዜው እየወደቀ ያስቸገረው ሰው በዚያው ቀጭን ሽቦ ላይ ተለቅ ያለ ብሬከር ቢተካ፣ ችግሩን አልፈታም፤ ዘበኛውን አስተኛው እንጂ። ሰሌዳው ግን እንደ ቀድሞው ያበራል። ከፊት ለፊት ቆሞ ለሚመለከተው የሐቀኛው ሥራና የአስመሳዩ ሥራ አይለያዩም።

ነገሩ የድሃ ጀልባ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 2014 ዓለምን በሚዞረው የቮልቮ ውቅያኖስ ውድድር ላይ የነበረችው የቬስታስ ጀልባ፣ ከኬፕታውን ወደ አቡዳቢ ስትገሠግሥ ከሞሪሽየስ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው የካርጋዶስ ካራሆስ የኮራል አለት ላይ በምሽት ወጣች። ፍጥነቷ 19 ኖት ያህል ነበር። ጀልባዪቱ አዲስ ነበረች፤ መሣሪያዎቿም ምርጥ የሚባሉ፤ ባሕረኞቹም በሙያው የታወቁ። ጂፒኤሱም ያሉበትን ሥፍራ በትክክል ሲነግራቸው ነበር። አለቱ ግን በኤሌክትሮኒክ ካርታው ላይ በሚገባ የሚታየው ምስሉ ቀረብ ተደርጎ ሲጎላ ብቻ ነበርና፣ ከሩቅ ሲያዩት ጥልቅ ውኃ መሰላቸው። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው የገለልተኛ አጣሪዎች ሪፖርት የካርታውን አጠቃቀም ጉድለትም፣ ካርታው አካባቢውን ያቀረበበትን መንገድ ጉድለትም አመልክቷል። ዘጠኙም ተሳፋሪዎች በሕይወት መትረፋቸው ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ የጥንቱን ማወደስ ይቀናል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው አሕመድ ኢብን ማጂድና የዘመኑ ባሕረኞች፣ ከማል በሚሉት ትንሽ የእንጨት ሰሌዳና ቋጠሮ ባለው ገመድ የከዋክብትን ከፍታ እየለኩ የሕንድን ውቅያኖስ ያቋርጡ ነበር። ወደ ምድር ወገብ ሲቃረቡ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ ይጠልቃልና ሌሎቹን ከዋክብት ማወቅ ግድ ነበር። ሆኖም በዚያ ዘመን ሳይመለሱ የቀሩት ስንቶች እንደሆኑ ማንም አልቆጠራቸውም። ዛሬ በላሙ የሚኖር ዓሣ አጥማጅ በእጁ በሚይዛት ጂፒኤስ ወደ ልጆቹ የሚመለስ ከሆነ፣ ኮከብ አላወቅህም ብሎ መውቀስ የጠገበ ሰው ወቀሳ ነው።

ፕላቶን በፋይድሮስ ውስጥ የግብጹ ንጉሥ ታሙስ ጽሕፈትን ነቅፎ፣ የሰውን የማስታወስ ኃይል ያዳክማል እንዳለ ይተርካል። የንጉሡን ሥጋት እኛ የምናውቀው በጽሕፈት መሆኑ ራሱ ያስቃል። በአብነት ትምህርት ቤት ግን ድጓው ተጽፎ እያለ ተማሪው ዜማውን በቃሉ ይይዛል፤ መጽሐፉ የሚነቀፍበት ኖሮ ሳይሆን፣ ስሕተት ሲገባ የሚያውቅ ጆሮ እንዲኖር ነው።

ከባለጀልባውም የሚፈለገው ይኸው ይመስላል። ሳተላይቱ እንዴት እንደሚሠራ ባያውቅ አይፈረድበትም። መሣሪያው የማይነግረውን አለማወቁ ግን የተለየ ነገር ነው። ጂፒኤስ ጀልባው ያለበትን በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ይናገራል፤ አለቱ ያለበትን የሚናገረው ግን ካርታውን የሠራው ሰው ነው፤ ያም ካርታ አንዳንዴ ከመቶ ዓመት በላይ በቆየ ልኬት ላይ የቆመ ነው። ምልክቱ ራሱም ሊታወክ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 በጅዳ አቅራቢያ መሬት ነክቶ የቆመውን የጭነት መርከብ አደጋ ተንታኞች ከጂፒኤስ መታወክ ጋር አያይዘውታል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተወውን በከዋክብት የመምራት ትምህርት በ2015 የመለሰውም በእንዲህ ያለ ሥጋት ነበር።

ለተሳፋሪው ይህ ሁሉ አይታየውም። እሱ የሚያየው የበራውን ሰሌዳ ነው፤ መፍራት ያለበትን ነገር ስለማያውቅ መፍቀዱ እንደ ሙሉ ፈቃድ አይቆጠርም። እንግዳ ሲሳፈር የምግብ ዕቃው ያለበትን የሚያሳየው ባለጀልባ፣ ዋናው ማጥፊያ የት እንዳለና ስክሪኑ ቢጠፋ የወረቀቱ ካርታ በየትኛው መሳቢያ እንደሚገኝ ቢያሳየው አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። በየሰዓቱ ጀልባዋ ያለችበትን በእርሳስ በካርታው ላይ ማስፈር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ይህን የማያደርጉት አብዛኞቹ ሰነፎች አይደሉም፤ አዲሱ ሰሌዳ ሲበራ ሥራው ያለቀ መስሏቸው ነው።