የክፍል ጓደኛ ዕዳ

በአንድ ክፍል አብረው የተማሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ምን ዕዳ አለባቸው? ዘመድ በደም፣ ባልና ሚስት በቃል ኪዳን፣ ጎረቤትም በአጥር ይተሳሰራል። የክፍል ጓደኞችን ግን የመዝገብ ቁጥርና የአንድ ዴስክ ጎረቤትነት ብቻ ያገናኛቸው ይመስላል፤ ፈተናው ሲያልቅም ማሰሪያው ይፈታል ይባላል። እኛም ብዙ ዘመን እንዲሁ ስናስብ ኖረናል። ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በ2010 ዓ.ም. የደረሰብን አንድ ኀፍረት ነው፤ እርሱን ለመረዳት ግን ከዐሥር ዓመት በፊት ወደ ነበረው ነገር መመለስ ያስፈልጋል።

የ11ኛ ክፍልን ትምህርት በወረታ ከተማ የጀመርነው በ1999 ዓ.ም. መስከረም ነበር። የፎገራን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ያለፈውን ክረምት አይረሳውም። ርብና ጉማራ ከደጋው የሰበሰቡትን ውኃ ወደ ጣና ሲያወርዱ ሜዳውን ማጥለቅለቃቸው የቆየ ልማድ ነው፤ የፎገራን ከብት ያሳመረው፣ ኋላም ምድሩን የሩዝ አገር ያደረገው ይኸው ውኃ ነው። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ግን ውኃው ልማዱን አለፈ። እንደ ናበጋ ባሉት የሐይቅ ዳር ቀበሌዎች ሰብሉ በስብሶ ቀረ፤ ብዙ ቤተሰብም ከቀየው ተፈናቀለ።

ከገጠር የመጣን ተማሪዎች አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተን በስንቅ የምንኖር ነበርን። ስንቅ ማለት፣ ለከተማ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ እናት በገበያ ቀን በሰው እጅ የምትልከው እንጀራ፣ ሽሮና በርበሬ፣ እንዳይሻግት የደረቀ ድርቆሽም ነው። በዚያ መስከረም ከሜዳው ለመጣነው ለሦስታችን ስንቅ አልመጣም። የአራተኛው ልጅ ወላጆች ግን ወደ ዓለም በር በሚወስደው ዳገት በኩል ይኖሩ ስለ ነበር ጎርፉ አልደረሰባቸውም። ይህ ልጅ ለእርሱ ብቻ ይላክለት የነበረውን ምግብ፣ አንድ ቃል ሳይናገር፣ በጾሙም በፍስኩም ከአራት ቦታ ከፈለው። በክፍላችን ካቶሊኮች በጣት የምንቆጠር ነበርን፤ እርሱም ከእኛ ወገን አልነበረም፤ ይህንም ሲያነሣው ሰምተን አናውቅም። የእኛ ቤተሰቦች እንደ ገና መላክ እስኪችሉ ድረስ ብዙ ወራት አለፉ። ከስቶ እንደ ነበር ያስተዋልነው ከዓመታት በኋላ ፎቶግራፉን ስናይ ነው።

በዚያው ፎቶግራፍ ላይ የሌሉም አሉ። ከሴቶቹ ልጆች አንዳንዶቹ ወደ 11ኛ ክፍል ሳይደርሱ ተድረዋል። ሌሎችን ደግሞ ያን ጊዜ የነበረው የ10ኛ ክፍል ፈተና አስቀርቷቸው፣ ከእነርሱ ጥቂቱ በዚያው በወረታ ወደ ግብርና ኮሌጅ ገቡ፣ ሌላው ወደ እርሻው ተመለሰ። «የእኛ ክፍል» ስንል እነዚህን እንቆጥራቸዋለን ወይስ አንቆጥራቸውም? ይህ ራሱን የቻለ ጥያቄ ስለ ሆነ ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

አገሪቱ አዲሱን ሺህ ዓመት ባከበረችበት በ2000 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ተፈተንን። ያ ጓደኛችን ከሦስታችን ከአንዳችን ኋላ ተቀምጦ ነበር። በሒሳብ ፈተና ላይ ወንበሩን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። ከፊቱ የተቀመጠው ግን ወረቀቱን በክንዱ ሸፈነ።

ስለዚህ ነገር ከዚያ በኋላ ብዙ ተከራክረናል። አንዱ «እንጀራውን በልተን መልስ ነሣነው» ይላል። ሌላው ኩረጃ ሐሰት መሆኑን ያስረዳል። እኛ የሁለተኛው ወገን ነን። የዩኒቨርሲቲው ቦታ የተቆጠረ ስለ ሆነ፣ በፈተና አዳራሽ ለጓደኛችን የምንሰጠው መልስ ስሙን ከማናውቀው ከሌላ ወረዳ ልጅ ላይ የሚወሰድ ነው። የሰውን ገንዘብ ወስዶ ውለታ መክፈል አይቻልም። በዚያች ሰዓት ክንዱን የዘረጋው ልጅ አልበደለም።

በደሉ ከዚያ በፊት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ክፍል ስንኖር ያ ልጅ ሒሳብ እንድናስረዳው ስንት ጊዜ ጠይቆናል! እኛም «ነገ» እንለው ነበር። የደረጃ እሽቅድምድም ላይ ስለ ነበርን ለሌላ ሰው የምትሰጥ ሰዓት ከራሳችን ላይ የምትቀነስ ትመስለን ነበር። ማታ ማታ እርሱ ከሰል አያይዞ ወጥ ሲሠራ እኛ እናነብ ነበር። እንግዲህ በፈተና ቀን እውነተኞች ለመሆን የበቃነው ከፈተናው በፊት በነበሩት ቀናት ሁሉ ንፉጎች ሆነን ነው። ኩረጃን ለተማሪዎቻችሁ የምታወግዙ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ነጥብ እንዳታልፉት እንለምናችኋለን፤ «አታሳየው» ብሎ ማቆም ግማሹን ትእዛዝ ብቻ ማስተማር ነውና።

እኛ ሦስታችን አለፍን፤ እርሱ የሚያስፈልገው ነጥብ ሳይመጣለት ቀረና ወደ ቀየው ተመለሰ።

በ2010 ዓ.ም. የክፍሉ ልጆች በዐሥረኛው ዓመት በባሕር ዳር ለመሰብሰብ ተስማማን። አስተባባሪዎቹ፣ እኛም ከእነርሱ ጋር፣ ሁለት ዝርዝር አወጣን። የመጀመሪያው መዋጮ የሚከፍሉ፣ ሁለተኛው ከመዋጮው የሚረዱ ጓደኞች ስም የተጻፈበት ነበር። የእርሱ ስም በሁለተኛው ዝርዝር ላይ ተጻፈ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም በጎ ነገር የሠራን መስሎን ነበር። ነገሩ በሰው በሰው ሲደርሰው ግን «እኔ የጠየቅሁት እርዳታ የለም» የሚል መልስ ላከብን።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ስለ ምስጋና ሲያስተምር፣ የውለታ ልክ የሚታወቀው ከተሰጠው ነገር ይልቅ በሰጪው ልብ እንደ ሆነ ያስረዳል። እንዲሁም የምስጋና ዕዳ ከፍቅር የሚመነጭ ስለ ሆነ እየተከፈለ የሚበዛ እንጂ የሚያልቅ አይደለም ይላል። የአገራችን ገበሬ ይህን በራሱ ቋንቋ ያውቀዋል። ወንፈል የገባ ሰው ለአንድ ቀን ሥራ አንድ ቀን ይመልሳል፣ ሒሳቡም ይዘጋል፤ በደቦ ግን ማን ስንት ቀን እንደ ዋለ በጥንቃቄ የሚቆጥር የለም። ያ ልጅ ስንቁን የከፈለልን በደቦ ልብ ነው። እኛ ግን ወንፈሉን እንኳ ሳንመልስ ዕዳችንን «ምጽዋት» ብለን ስም ለወጥንለት። ባለ ዕዳ ሰው የባለገንዘቡን ገንዘብ በአደባባይ እየመጸወተ ቢያስጨበጭብበት ምን ይባላል?

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ከተነጹት ዐሥር ለምጻሞች ሊያመሰግን የተመለሰው አንድ ብቻ ነው። የቀሩት ዘጠኙ ክፉዎች ነበሩ አልተባለም። ምናልባት ቸኩለው ይሆናል፤ ለረጅም ጊዜ ያላዩት ቤት ነበራቸው። እኛም ያለፍን ተማሪዎች እንደ እነርሱ ቸኩለን ነበር።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወረቀት ባልፈጀንበት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ሲፈተኑ፣ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ እንደ ነበሩ ይታወሳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት በኋላ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ እንደ እኛ የመጨረሻ ዓመታቸውን አብረው መጨረስ ያልቻሉ ልጆች በየቦታው ተበትነዋል። አንዱ ልጅ ዘመድ ወዳለበት ከተማ ሄዶ ሲፈተን የዴስክ ጓደኛው ቀየው ላይ ቀርቷል። የሄደው ልጅ ደብተሩን ለቀረው መላክ ውለታ ነው ወይስ ግዴታ? በየቁምስናችን ከልጆቹ ጋር ብንወያይበት መልካም ነው፤ መልሱን ከእኛ ይልቅ እነርሱ ሳያውቁት አይቀሩም።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። ሁለቱን ዝርዝር ቀድደን አንድ ዝርዝር አደረግን፤ ከሦስታችን አንዱም ይቅርታ ሊጠይቀው ወደ ቀየው ወጣ። እርሱም ቡና አስፈልቶ፣ ስለዚያ ስንቅ ሲነሣበት ፈገግ ብሎ ወሬውን ወደ ሌላ መለሰው። በመጨረሻ «ትመጣለህ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ስብሰባው በየትኛው ወር እንደ ሆነ ጠየቀ። ቀኑን የቆረጥነው በኅዳር ነበር። ሜዳው ላይ የተጋዘው መሬት ነበረውና፣ ኅዳር የሩዝ አጨዳ ወር መሆኑን ሁላችንም የፎገራ ልጆች ሆነን ሳለ ያስታወሰ አልነበረም።