ሰው የሌለው በሽተኛ በፍል ውኃ ዳር

እግዚአብሔር ለሁሉ በነጻ የሰጠውን ውኃ አንዱ ሲታጠብበት ሌላው ከዳር ሆኖ የሚመለከተው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ያነሣነው በራሳችን ስለ ደረሰ ነው።

በ2012 ዓ.ም. በጥር ወር እኛ ጥቂት የመተማ ወጣቶች በገንዳ ውኃ አድርገን ወደ ጎንደር ወጣን፤ ከዚያም በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ ወደሚገኘው ወደ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ሄድን። ዋንዛዬ በጉማራ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ የገጠር ከተማ ናት፤ ጉማራም ከጉና ተራራ በኩል ወርዶ ጣና ሐይቅ ይገባል። ወደ መሬት ውስጥ ጠልቆ የገባ ውኃ በትኩስ ዐለት ሞቆ ተመልሶ ይፈልቃል። ቁርጥማት የያዘው፣ ወገቡን የታመመ፣ ቆዳው የቆሰለ ሁሉ እየመጣ ይታጠብበታል። ባለመኪናውም ባለምርኩዙም የሚገባው ወደዚያው ውኃ ነው። ይህን አይተን «እኩልነት ማለት ይህ ነው» ብለን ተደሰትን።

ደስታችን ግን አልቆየም። ከመታጠቢያው አጠገብ አንድ ወጣት በጋቢ ተጠቅልሎ ተኝቶ አገኘን። ለሰሊጥ አረማና አጨዳ ከደጋ ወደ መተማ የወረደ የቀን ሠራተኛ ነበር። ትኩሳቱ ከወር በላይ አልለቀው ብሏል፤ ሰውነቱ ከስቷል፣ ሆዱ ግን በግራ ጎኑ አብጧል። «እዚህ ከመጣሁ ሦስት ቀኔ ነው፤ ደግፎ የሚያስገባኝ ሰው የለኝም» አለን። እኛም «ነገ እናስገባሃለን» ብለነው ወደ መዝሙራችን ሄድን። ማታ ከመካከላችን አንዱ 38 ዓመት ታምሞ በመጠመቂያው ዳር ስለ ተኛው የወንጌል በሽተኛ አነሣብን። ያ ሰው ያጣው ውኃ አልነበረም፤ ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ማናችን እንቅልፍ ወሰደን?

ጥፋታችን በዚህ አላበቃም። የመተማ ልጆች እንደ መሆናችን ሕመሙን መጠርጠር ነበረብን። በቆላችን የአሸዋ ዝንብ የምትባል ትንሽ በራሪ በሌሊት እየነደፈች ካላዛርን ታስተላልፋለች። ዝንቧ በዋልካው መሬት ስንጥቅ ትጠለላለች፤ የቀን ሠራተኛው ደግሞ በዚያው አጠገብ ሜዳ ላይ ያድራል። በሽታው ጣፊያን ያሳብጣል፣ ደምን ይቀንሳል፤ ካልታከሙት አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል፤ በጊዜ የታከመ ግን ብዙውን ጊዜ ይድናል።

ሲነጋ ደግፈን ወደ ውኃው አስገባነው፤ ስለ ሕክምናም ነገርነው። እርሱ ግን «ሐኪም ቤት ከሄድሁ በውኃው አላመንሁም ማለት አይሆንብኝምን?» አለን። ከመካከላችን አንዲቱ «ሰው ተስፋውን የጣለበትን መንካት ተገቢ ነውን?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ቀላል አልነበረም። የሰውን እምነት ማቃለል በደል ነውና። ነገር ግን የምናውቀውን አደጋ እያየን «ፈቃዱን እናክብር» ብለን ዝም ብንል አክብሮት ይባላልን? ከአክብሮት ይልቅ ከድካም መሸሽ ይመስለናል። መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን እንድናከብር ያስተምራል፤ ውኃውን ያፈለቀ አምላክ ለሐኪምም ጥበብን ሰጥቶታልና። ስለዚህ አላስገደድነውም፤ «አብረንህ እንሄዳለን» አልነው። ይህን ሲሰማ ተነሣ። ሁለታችን ይዘነው ጎንደር ገባን፤ ምርመራው ካላዛር መሆኑን አሳየ፤ ሕክምናም ጀመረ።

ይህን የጻፍነው ለመመካት አይደለም፤ አንድ ሙሉ ቀን አዘግይተነዋልና። በየዓመቱ በሰሊጥ ወራት እንዲህ ያሉ ብዙ ወንድሞች በደጃችን ያልፋሉ። ውኃውም አለ፣ መድኃኒቱም አለ፤ የሚጎድለው «አብሬህ እሄዳለሁ» የሚል ሰው ነው። ያ ሰው እንድንሆን አምላካችን ማስተዋሉን ይስጠን፤ አሜን።