ለሙሃጂሩ ገበያውን ማን አሳየው?



የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን (ረ.ዐ) ታሪክ በየመስጊዱ ያልሰማ የለም። ከመካ ንብረቱን ጥሎ ወደ መዲና ተሰደደ። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ከአንሷሩ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ የሀብቱን ግማሽ ሊያካፍለው ቢያቀርብለት፣ በበረካ መረቀውና ገበያው የት እንደሆነ ብቻ እንዲያሳየው ጠየቀ። ወደ በኒ ቀይኑቃዕ ገበያ ወጥቶ በአይብና በቅቤ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የተምር ዘር ክብደት ያህል ወርቅ መህር ሰጥቶ አገባ። ይህ ሰሐባ ቀደም ሲል ወደኛዋ ሐበሻም ተሰዶ ስለነበር ስደትን ሁለት ጊዜ የቀመሰ ነው።

እኛ ታሪኩን ስንናገር የምንወደው የዐብዱረሕማንን ወገን ነው፤ የሰው እጅ አትዩ፣ ሥሩ ለማለት ይመቸናል። ሰዕድን ግን ፈጠን ብለን እናልፈዋለን። እኔም እንደዚሁ ነበርኩ።

እ.ኤ.አ. በ2008 በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እነዳ ነበር። በጁሙዐ የማውቀው አንድ የወሎ ልጅ፣ ለዓመታት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርቶ ባጠራቀማት ገንዘብ በቨርጂኒያ በኩል ሐላል ሥጋ፣ በርበሬና እንጀራ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ከፈተ። የጎደለውን ሦስት ሺህ ዶላር ያለ ወለድ አበደርኩት፤ ለአላህ ብዬ። ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ሌማን ብራዘርስ የተባለው ትልቅ ባንክ ከሰረ። በኦክቶበር 2009 የአሜሪካ ሥራ አጥ ከመቶ 10 ደረሰ። የሱቁ ደንበኞች እንደኔ ያሉ ታክሲ ነጂዎችና የመኪና ማቆሚያ ሠራተኞች ነበሩ፤ የኛ ገቢ ሲቀንስ የእሱ ሥጋ በፍሪጅ አደረ። የሚገዛውም በዱቤ ነው፤ ያገሩን ልጅ የለም ማለት አይችልም። የሱቁ ኪራይ ግን ዱቤ አያውቅም።

የወለድ ብድር ልውሰድ ወይ ብሎ ቢያማክረን በመስጊዱ በር ላይ ሁላችንም ሙፍቲ ሆንን። ሪባ ሐራም ነው፣ አላህና መልእክተኛው ጦርነት ያወጁበት ነው፣ ታገስ አልነው። እውነት ነው፣ ሐራም ነው! ነገር ግን አንዳችንም እጃችንን ወደ ኪሳችን አልሰደድንም። ሰውየውን ከእሳቱ መልሰን ብርድ ላይ ጥለነው ወደየቤታችን ሄድን።

ይባስ ብሎ በ2009 ረመዳን ገንዘቤን ጠየቅሁት። ከተራዊሕ በኋላ፣ ሰው እየሰማ። እኔም ተቸግሬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከችግሬ ይልቅ ገንዘቤ እንዳይጠፋ ፈርቼ ነው። አልተከራከረኝም። በማግስቱ አራት መቶ ዶላር አመጣ፤ የሥጋ መቁረጫውን ሸጦ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው።

በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 280 የተቸገረ ተበዳሪ እስኪያገኝ ድረስ እንዲጠበቅ፣ ዕዳውን መማር ደግሞ ለአበዳሪው የተሻለ እንደሆነ ተነግሯል። ልብ በሉ፤ ይህ የመጣው ከወለድ ክልከላ ቀጥሎ ነው። የፊተኛውን ለእሱ ሰበክንለት፤ የኋለኛው የተነገረው ለእኛ ነበር። በሱረቱ ተውባህ አንቀጽ 60 ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ባለ ዕዳ ነው። እኛ ግን ዘካችንን ወደ አገር ቤት ልንልክ ስንሄድ በሱቁ ደጃፍ እናልፍ ነበር።

ሱቁን ያዳነው ምክራችን ሳይሆን እቁብ ነው። እንጀራ የምታቀርብለት እህት አሥር ሰው አሰባስባ የመጀመሪያው ዕጣ ለእሱ እንዲሆን አስማማች። እኔም ገባሁበት። ያን ዕለት ቀሪውን ዕዳ እንደማርኩት ልነግረው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ስለ ገንዘቡ አላህ ይስጥልኝ» አለ። «ያን ማታ ሰው ፊት የጠየቁኝን ግን ገና ከልቤ እየታገልኩት ነው።»

ዐፍው በለኝ አልኩት። ሻይ አፍልቶ አቀረበልኝ፤ መልሱን ግን ያን ቀን አልሰጠኝም።